አንቀጽ 9ን የተየብኩት እኔ ነኝ

ለዕድራችን ዳኛና ለሥራ አመራር ኮሚቴው፣
ለጠቅላላ ጉባኤው አባላት፣
ረቂቃችንን ለተዋሳችሁ የከተማችን ዕድሮችና ለጎንደር ሰው ሁሉ

ጎንደር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 3 ይመለከታል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እንደምን ከርማችኋል አልልም፤ ባለፈው ማክሰኞ ለቅሶ ቤት አብረን ነበርን፤ ድንኳኑንም አብረን ነው የነቀልነው።

ረቂቁን የተየብኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው በእጁ የጻፋቸውን ሦስት ወረቀቶች ተቀብዬ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ፣ መብራት መጣ ሄደ ሲል፣ በሁለት ቀን ጨረስኩት። መዋጮው፣ የቀሪ ቅጣቱ፣ የብረት ድስቱና የወንበሩ ቁጥር፣ ድንኳን ለውጭ ሰው የሚከራይበት ሁኔታ፣ ሁሉም ደኅና ሄደልኝ። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ «ሃይማኖቱን የለወጠ ወይም የካደ አባል ከዕድሩ ይሰረዛል፤ እስከዚያ የከፈለው ገንዘብም አይመለስለትም።» «የካደ» የምትለዋን ጽፌ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ተመልሼ ጨረስኩ፤ አተምኩ፤ በየገጹ ማኅተም መታሁ።

የካደው እኔ ነኝ።

ቃሉን ግን አልወደውም። በአማርኛችን የሚክድ የተበደረውን አልተበደርኩም የሚል ሰው ነው፤ የበላበትን ወጭት ሰባሪ ነው። እኔ የተቀበልኩትን አልተቀበልኩም አላልኩም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዛሬ የምተይብባት እጄ መጀመሪያ የጻፈችው በቀለም ቀንድ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እምነቱ ግን የለኝም። ፈጣሪ አለ ብዬ አላምንም፤ ካላመንኩ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል። ይኸው ጻፍኩት።

ለኮሚቴው በቃል ተናግሬ ዝም ብል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሦስት ሌሎች ዕድሮች ደንባችንን እናሻሽል ብለው ሱቄ መጥተው ረቂቁን ከኔው ፍላሽ ቀድተውታል፤ ስሙንና የመዋጮውን ልክ ብቻ ቀይረው። አንቀጽ 9 እንዳለ ሄዷል። እጄ ያለበት ነገር ከሰፈር ስለወጣ ደብዳቤውም ይውጣ ብዬ ነው።

አንቀጹ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። ዓምና አንድ አባታችን ያረፉ ዕለት ልጃቸው ጴንጤ ሆኖ ኖሯል፤ ፍትሐቱ ቀርቶ በኛ መዝሙር ይሸኙ ብሎ ተሟገተ። ሬሳ በር ላይ ተቀምጦ ካህናቱ ቆመው፣ የልጁ ጓደኞች ቆመው፣ እኛ መሀል። ያ ቀን አሳፍሮናል። እንዳይደገም ደንብ ማስፈለጉን አልቃወምም። የቀብሩ ሥርዓት በሟቹ ቃል ይሁን ብሎ መጻፍ ግን አንድ ነገር ነው፤ ቋሚውን በልቡ ስላለው ነገር መሰረዝ ሌላ ነው።

«ማን ቀየረህ?» ትሉኛላችሁ። ሚስቴም መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። ሴት ናት? ስልክ ነው? ፈረንጅ ነው? ማንም አይደለም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

በ77ቱ ድርቅ ማግስት ከበለሳ ወደ ጎንደር የመጣሁ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። 11 ዓመቴ ነበር። ዳዊት በቃል እንደግም ነበር፤ 36ኛው መዝሙር ላይ (የዛሬው መጽሐፍ ቅዱስ 37 ይለዋል) እንዲህ የሚል አለ፦ «ጎለመስሁ አረጀሁም፤ ጻድቅ ሲጣል፣ ዘሩም እህል ሲለምን አላየሁም።» ይህን የምደግመው ከምን መልስ መሰላችሁ? ከልመና። ደበሎዬን ለብሼ፣ አኩፋዳዬን አንግቼ፣ የሰዉን ውሻ በበትር እየመከትኩ፣ እስከ ቀሃ ድረስ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ነው የምመለስ። አንዳንዱ ቤት ቁራሽ እንጀራ ይሰጣል፤ አንዳንዱ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ በሩን ይዘጋል። ከዚያ ጎጆዬ ገብቼ፣ የሻገተውን ከደኅናው እየለየሁ፣ ዘሩም እህል ሲለምን አላየሁም እላለሁ።

አባቴ ጻድቅ ካልነበረ በበለሳ ጻድቅ አልነበረም። ጎተራው ሲራቆት የቀረችውን ቁና ማሽላ ከጎረቤት ጋር እኩል ተካፍሎ ነው የሞተ። እኔ ደግሞ ዘሩ ነኝ። አንድ ቀን የኔታን ጠየቅኳቸው፦ «የኔታ፣ ዳዊት በለሳን አላየም?»

ሳቁ። ሳቃቸውን ጨርሰው «አንድም» አሉ። አንድም እህል ያለው ምግበ ሥጋን አይደለም፣ ቃለ እግዚአብሔርን ነው። አንድም የጻድቅ ዘር ያለው ልጁን ሳይሆን ምግባሩን ነው። ሦስተኛም አንድም ነበረው፤ ረስቼዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ሆዴ እየጮኸ ሦስቱንም በቃሌ ያዝኩ። የኔታን አልነቅፍም። ጥያቄዬን በዱላ አልመለሱትም። ትርጓሜውን ጨርሰው የራሳቸውን ቂጣ ለሁለት ገምሰው ግማሹን ሰጡኝ። እኔ ከዚያ ቀን የቀረኝ ቂጣው ነው።

ያን ጊዜ አልካድኩም። ልጅ በአንድ ጥያቄ አይክድም። ጥያቄው ግን እንደ ጫማ ጠጠር ሆኖ አብሮኝ ሄደ። በዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ንቦች ተጨመሩበት። ታሪኩን የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም፤ በ1880 የሱዳኑ ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ሥላሴ ደጅ ሲደርስ የንብ መንጋ ወጥቶ መለሰው። ስንት ጊዜ ቅጽሩን ተደግፌ ሰምቼዋለሁ፤ ስንት ጊዜም ለእንግዳ ተርኬዋለሁ። ጣራው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ለማየት አንገቴን አቅንቼ የቆምኩ አንድ ቀን ግን የዞረብኝ ሌላ ነገር ሆነ። ያን ዓመት የነደደው ቤተ ክርስቲያን ብዙ ነው። በየቅጽሩ እንደኛው እናቶች እያለቀሱ ነበር። ንቡ ለነዚያ የት ነበር? ስለተረፈው አንዱ እልል ስንል ስለነደዱት ምን እንላለን? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ጣራውን አይቼ ወጣሁ። ዓይኖቹ ሁሉ እንደወትሮው ይመለከቱኛል።

መጨረሻው የመጣው ደግሞ በጸጥታ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ፋሲካ ነበር፤ በኮሮናው ምክንያት ምእመናን ቤታችሁ ሆናችሁ ጸልዩ የተባለበት። ሌሊቱን ቴሌቪዥን ከፍተን ተቀመጥን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ለስክሪኑ ትሰግዳለች። እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ምን እንደጎደለኝ ፈለግኩ። የጎደለኝ ብዙ ነበር። ከበሮው፣ የጧፉ ሽታ፣ ከኋላዬ የሚያስነጥሱት ሽማግሌ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ «እንኳን አደረሰህ» የሚለኝ ሰው፣ እናንተ። ሁሉም ናፈቀኝ። ጸሎቱ ግን አልናፈቀኝም። የሚሰማኝ አለ ብዬ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል የትኛው እንደሆነ ባስብ ባስብ ትዝ አልለኝ አለ። በሩ መቼ እንደተዘጋ አላየሁም፤ ሳየው ግን ተዘግቶ ነበር።

አልሞከርክም እንዳትሉኝ። ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ «ጸበል ግባ» አሉኝ። ገባሁ፤ በቅን ልብ ሰባት ማለዳ፣ በኅዳር ብርድ። የጮኸ ጋኔን አልነበረም፤ ጉንፋን ግን ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ሲያገኙኝ መስቀላቸውን ያወጡና መልሰው ይከቱታል። ይህ ነገር ከሁሉ ይከብደኛል፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእናቴም ነግሬያታለሁ። 80 ልትሞላ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ታዲያ ጾም ልትበላ ነው?» አለች። አይ፣ ቤታችን ያለው ድስት አንድ ነው፤ የተሠራውን እበላለሁ አልኳት። ተረጋጋች። ከኔ ነፍስ ይልቅ የሽሮው ድስት አስጨንቋት ነው ብዬ ስቄ ነበር፤ ማታ ግን ከወትሮው ረዝማ ስትጸልይ ሰማኋት። ስሜን ሁለት ጊዜ ጠራች፤ የክርስትና ስሜን።

ስለ ክርስትና ስም ካነሳሁ፣ መዝገባችን ላይ ከየአባሉ ስም ትይዩ አንድ ዓምድ አለ። 11 ዓመት ጸሐፊ ሆኜ የሞላሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ከመውጣቱ በፊት ካህናቱ ለፍትሐት የሚጠይቁት እሱን ነውና፣ ሌሊት በሬ የሚንኳኳው ለዚያች ዓምድ ነው። የሰፈሩን የክርስትና ስም ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወልደ ሥላሴ ማን እንደሆነ፣ ወለተ ማርያም የቷ እንደሆነች እኔን ጠይቁ። እምነቴ ከሄደ በኋላም አንድ ስም አላሳሳትኩም። ለናንተ ትርጉም ያለው ነገር በኔ እጅ እንዳይበላሽ ከበፊቱ ይልቅ ተጠንቅቄያለሁ። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ለልጁ የክርስትና አባት ሁን ሲለኝ እምቢ ያልኩትም ለዚሁ ነው። ተቀይሞኛል። ሕፃን ይዤ ከካህን ፊት ቆሜ የማላምነውን አምናለሁ ከምል የሱን ቅያሜ መረጥኩ።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ። ጎንደር በሃይማኖት ስትሟገት የኖረች ናት፤ ለዚህ አታፍርም። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው ሊቃውንቱ በአንድ ቃል ትርጓሜ ተለያይተው ዘመን አልፏል። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባባሉ ነገሥታቱን ሳይቀር ዳኛ አድርገው በአደባባይ ተከራክረዋል። ከዚያም በፊት አፄ ሱስንዮስ በ1614 የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ ሰዉን ሁሉ ተከተለኝ አለ። በ1624 ወይና ደጋ በምትባል ቦታ እምቢ ብሎ የተነሳ የላስታ ገበሬ በብዙ ሺህ አለቀ። ሜዳ ላይ የወደቀው ሁሉ የራሱ የንጉሡ ሰው፣ ክርስቲያን ነበር። ድሉ መረረው፤ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ተወ። ፋሲልም ጎንደርን መናገሻ ያደረገው ከዚያ ወዲህ ነው።

ደግ ደጉን ብቻ እንዳላወራ፣ ሌላም አለ። በ1660ዎቹ መጀመሪያ፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው ይቀመጡ ተብሎ እዚሁ ጎንደር ተወሰነ፤ አዲስ ዓለም የሙስሊም ሰፈር ሆና የቀረችው በዚያ ነው። ዛሬ የዚያ ሰፈር ልጅ የሆነ ሙስሊም አባል በዕድራችን አለን። ስሙን አልጠራም፤ ታውቁታላችሁ። ከማንም ቀድሞ ለቅሶ ይደርሳል፤ ቀብር ላይ እስከ ቅጽሩ በር አብሮን ይሄድና ቆቡን በእጁ ይዞ ውጭ ይቆማል። አንቀጽ 9 እሱን አይነካውም፤ መነካትም የለበትም። ያልተጠመቀው ጎረቤታችን በክብር የሚቀመጥበት ድንኳን ውስጥ የተጠመቅኩት እኔ መቀመጫ የለኝም ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሳቄ ይመጣል፤ ከዚያ አይመጣም።

ጥያቄው በስልክ የመጣ የፈረንጅ ዕቃ ነው ለሚለኝም አንድ ነገር ልበል። ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ እንፍራዝን ታልፋላችሁ። ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ (ንጉሡን ማለቴ አይደለም) ከአክሱም ሸሽቶ፣ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ከርሞ፣ በመጨረሻ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ልጆችን እያስተማረ የኖረው እዚያ ነው ይባላል። ሁሉም የኔ ሃይማኖት ልክ ናት ሲል ፈራጁ ማን ነው ብሎ ጠይቋል። ጽሑፉ የሱ ሳይሆን የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ሙግቱ አልተቋጨም። (ጣሊያኑ ነው የጻፈው ካላችሁ የፈረንጅ አይደለም ባልኳችሁ ላይ ተረታሁ።) ለኔም ቢሆን ጠበቃ አይሆነኝም፤ እሱ ከጥያቄው ማዶ ፈጣሪን አግኝቶ አመስግኗል። እኔ አላገኘሁም። ቢሆንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ለዚህ አገር አፈር እንግዳ አለመሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሕጉንም አንድ ጊዜ ላንሳው፣ አልፈልገውም ነበር እንጂ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የማሰብ፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነት ለማንኛውም ሰው ይሰጣል፤ በማስገደድ መገደብንም ይከለክላል። ይሁንና ዕድርን በፍርድ ቤት አልከስም። ዕድሩን ከስሶ የኖረ ሰው ማን ሊቀብረው?

አሁን ልቤ ያለውን ልንገራችሁ። አንቀጹ ያላመነን ሰው አይዝም። የሚይዘው የተናገረን ብቻ ነው። እኔ ይህን ደብዳቤ ባልጽፍ ማን ያውቅብኝ ነበር? ነጠላዬን ለብሼ፣ መቋሚያ ተደግፌ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ እስክሞት መሄድ እችል ነበር፤ ዜማውንም ከብዙዎቻችሁ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ስሞትም በፍትሐት፣ በክብር ትቀብሩኝ ነበር። ደንባችን ለዋሸ ድንኳን ይተክላል፤ ላልዋሸ ድንኳኑን ያነሳል። ደግሞም ብቻዬን አይደለሁም። ሱቄ ሊያሳትሙ መጥተው በሩን ገርበብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደኔው የነገሩኝ አሉ፤ አንዱ ባለፈው ጉባኤ አንቀጹን እጁን አውጥቶ የደገፈ ነው። አልፈረድኩበትም። ልጆቹን ይድራል፣ እናቱን ይቀብራል፤ ብቻውን እንዴት ይወጣዋል?

ደግሞ «ካላመንክ ከተራ ዕለት ታቦት አጅበህ ጥምቀተ ባሕር ድረስ ምን ትሠራለህ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ እሄዳለሁ። ያደግኩበት ነው። ወረቡ ሲጀመር ዓይኔ እንባ ያቀራል፤ ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቅ። ይህን ግብዝነት የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ንዑስ አንቀጽ 3 ወጥቶ በምትኩ ይህ ይግባ፦ «የአባል ቀብር ሥርዓት አባሉ በሕይወት ሳለ በጽሑፍ በሰጠው ቃል መሠረት ይፈጸማል፤ ቃል ካልሰጠ ቤተሰቡ ይወስናል።» ይህ የዓምናውን ጠብም ይዘጋል፤ ልጅም ከካህን ጋር ሬሳ አስቀምጦ አይሟገትም።

የኔ ቃል ደግሞ ከዚሁ ጋር ይያዝልኝ። ጥሩምባው ይነፋ፤ ድንኳኑ ይተከል፤ ሠልስት እስኪወጣ ሚስቴን አትለዩአት፤ እዝኑም አይቅርባት። ፍትሐቱን በተመለከተ ካህናቱን ማታለል አልፈልግም፤ አሁን የምናገረው ለዚህ ነው። ይህን አውቀው ቅጽራቸው ውስጥ ካላሳረፉኝ አልቀየማቸውም፤ ሥርዓታቸው ነው። በከተማችን የማውቀው መቃብር ሁሉ የአንድ ሃይማኖት አጥር አለው። ስለዚህ በለሳ ያለውን ወንድሜን አናግሬዋለሁ፤ የአባታችን ማሳ ጥግ ላይ፣ ከግራሩ ሥር ቦታ አለ። እስከዚያ የሚያደርስ አንድ አይሱዙ ተከራዩልኝ፤ ኪራዩ ለቀብሬ ከምትሰጡት ይቀነስ። ለመሄድ የፈለገ ይሂድ፤ መንገዱ አቧራ ነው፤ ማንም በቀሪ አይቀጣ።

ጸሐፊነቱን እንድለቅ ከወሰናችሁ እለቃለሁ። መዝገቡ በእጄ ነው፤ በስሜ ትይዩ ያለውን የክርስትና ስም አልሰረዝኩትም፤ እናቴ እያለች አልነካውም።

ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ወንበሩን ቀድሜ እደረድራለሁ፤ ያለፈውንም ቃለ ጉባኤ ይዤ እመጣለሁ። አንቀጽ 9ን ግን ሌላ ሰው ያንብበው። የትልቁ ድንኳን ገመድ ደግሞ ተበጥሷል፤ ማክሰኞ በሽቦ ነው አስሬ ያቆምኩት። ማንም ጸሐፊ ቢሆን ከሚቀጥለው ለቅሶ በፊት ይቀየር።

የዕድራችሁ ጸሐፊ